«ወገቤን ነው የሚያመኝ»

እናቴ 11 ዓመት ሙሉ «ወገቤን ነው የሚያመኝ» ስትል ኖረች። ለእኛ ለልጆቿ፣ ለጎረቤቶቿ፣ ለንስሐ አባቷና በየጊዜው ለሄደችባቸው ጤና ጣቢያዎች የተናገረችው ይህንኑ አንድ ዐረፍተ ነገር ነበር። የሚቀባ ቅባት ተሰጣት፣ የሚዋጥ ክኒን ታዘዘላት፣ ጠበል ተጠመቀች፣ ወገቧን በቅቤ ታሸች፤ አንድ ጊዜም ራጅ ተነሥታ «አጥንትዎ ደኅና ነው» ተብላ ተመለሰች። ሕመሙ ግን ወገቧ ላይ አልነበረም። ማሕፀኗ ከቦታው ወርዶ ቆማ ስትውል ወደ ውጭ ይወጣ፣ ስትተኛ ይመለስ ነበር፤ እርሷም ከመቀነቷ ሥር በጨርቅ አስራ ደግፋው ትሠራ፣ ቤተ ክርስቲያን ትስም፣ እንግዳ ታስተናግድ ነበር። ይህን ያወቅሁት አዲስ አበባ እኔ ዘንድ በመጣችበት ክረምት፣ ገላዋን እየታጠበች ሳለ ሳላንኳኳ በሩን በከፈትሁበት ቀን ነው። ለረጅም ጊዜ ሁለታችንም አልተናገርንም። በመጨረሻ ልብሷን ለብሳ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠችና «ለማን ይነገራል ልጄ?» አለችኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ይህ ጥያቄ አልለቀቀኝም። እናቴ ፈሪ ሴት አይደለችም። ባሏን ቀብራ አምስት ልጅ ያሳደገች፣ በርስት ክርክር ወረዳ ፍርድ ቤት ቆማ የረታች፣ በመንደሩ ሰዎች አፍ «እሷማ ወንድ ናት» የምትባል ሴት ናት። እንዲህ ያለች ሴት በገዛ አካሏ ላይ ስለደረሰው ነገር ለመናገር ያጣችው ድፍረት ሳይሆን ቃል እንደነበረ የተረዳሁት ቀስ በቀስ ነው። ስለዚህ ጽሑፌን ከቃል እጀምራለሁ።

አማርኛችን ለአካል ከሰጣቸው ስሞች ሁሉ እኔ አብልጬ የምወደው «ሰውነት» የሚለውን ነው። ገላም፣ አካልም፣ ሥጋም እንላለን፤ ነገር ግን ትኩሳት ሲይዘን «ሰውነቴን አተኮሰኝ» ስንል፣ አካላችን የምንሸከመው ዕቃ ሳይሆን ሰው መሆናችን ራሱ እንደሆነ ሳናስበው እንመሰክራለን። ወደ ሴት አካል፣ በተለይም ወደሚወልደውና ወደሚደማው ክፍል ስንደርስ ግን ይኸው ቋንቋ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። በመጽሐፍ ቋንቋ የወንዱም የሴቷም ብልት «ኀፍረተ ሥጋ» ይባላል፤ ይሁንና ኀፍረቱን በዕለት ተዕለት ኑሮዋ ተሸክማ የምትዞረው ሴቷ ናት። በየወሩ ለሚመጣው ደም ያሉንን ስሞች ብቻ ብንደረድር አራት የተለያዩ አሳቦች እናገኛለን። የቤተ ክርስቲያን ሰዎች «ልማደ አንስት» ይሉታል፤ የሴቶች ልማድ፣ ሊሆን የሚገባው ነገር። በገጠር «አደፍ» ይባላል፤ እድፍ ማለት ነው። በአንዳንድ አካባቢ «መርገም» ይባላል። በትምህርት ቤት የተማርነው «የወር አበባ» የሚለው ስም ደግሞ ከሁሉም ይልቅ ያማረ ነው፤ አበባ ፍሬን ያስባልና። አንዲት ልጅ ከእነዚህ ከአራቱ ስሞች በየትኛው እንደምታድግ በአጋጣሚ ይወሰናል፣ የሰማችው ስም ግን በገዛ ሰውነቷ ውስጥ ዕድሜ ልኳን አብሯት ይቀመጣል። እናቴ «አደፍ» የሚለውን ሰምታ አድጋለች። ከወገብ በታች ስላለው ሌላው ነገር ሁሉ ደግሞ አንድም ቃል አልተሰጣትም ነበር። ለዚህ ነው ሕመሟ ቃል ሲፈልግ ሽቅብ ወጥቶ ወገቧ ላይ ያረፈው። ወገብ ይነገራል፤ ወገብን መታመም የሠራተኛ ሰው ሕመም ነውና ያስከብራል እንጂ አያሳፍርም።

ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ስለ ሴትነትና ስለ አካል የተጻፉ የፌሚኒስቶችን ሥራዎች አንብቤአለሁ። ፈረንሳዊቷ ሲሞን ደ ቦቯር እ.ኤ.አ. በ1949 ሴትነት ከተፈጥሮ ብቻ የሚገኝ ሳይሆን በኑሮ ውስጥ የሚሠራ ነገር መሆኑን ስታስረዳ፣ አካል ዓለምን የምንይዝበት ሁኔታችን ነው ብላ ነበር። አሜሪካዊቷ አይሪስ ማሪየን ያንግ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1980 ባወጣችው ጽሑፍ፣ ሴቶች ልጆች ድንጋይ ወይም ኳስ ሲወረውሩ መላ አካላቸውን የማይጠቀሙት ክንዳቸው ደካማ ስለሆነ ሳይሆን፣ በዙሪያቸው ያለው ቦታ የእነርሱ እንዳልሆነ እየተማሩ ስለሚያድጉ ነው ስትል ተከራክራለች። በዚያን ጊዜ ይህ ሁሉ የሌላ አገር ሰዎች ወሬ ይመስለኝ ነበር፤ ለፈተና ተምሬው አለፍሁ። የያንግ አሳብ በእኛ ቤት የራሱ ቃል እንዳለው ልብ ያልሁት ከብዙ ዘመን በኋላ ነው። ቃሉም «ሰብሰብ በይ» የሚለው ነው። እግሬን ዘርግቼ ስቀመጥ ሰብሰብ በይ፣ ስስቅ ሰብሰብ በይ፣ ዛፍ ላይ ስወጣ ሰብሰብ በይ ተብያለሁ፤ ወንድሞቼ ይህን ቃል አንድ ቀን እንኳ ሲባሉ አልሰማሁም። ይህን ቃል ከማንም በላይ የምትናገረኝ እናቴ ነበረች። አልፈርድባትም። እርሷ ራሷን ሰብስባ ሰብስባ፣ ከአካሏ የወጣውን ማሕፀን እንኳ በጨርቅ ሰብስባ የኖረች ሴት ናት።

ነገር ግን የእናቴን አካል የሠራው ቃል ብቻ አይደለም፤ ሸክምም ነው። ያደግሁት ከጎንደር ከተማ ወጣ ብሎ ባለ መንደር ነው። በእኛ አገር ወንድ በትከሻው፣ ሴት በጀርባዋ ትሸከማለች። ይህ ሥርዓት ከመለመዱ የተነሣ ወንድ ልጅ እንስራ በጀርባው ቢያዝል መሳቂያ ይሆናል። እናቴ ከሰባት ዓመቷ ጀምሮ ውኃ ቀድታለች። መጀመሪያ በትንሽ ገንቦ፣ ቀጥሎ በእንስራ፣ በኋላም ቢጫው ጀሪካን ሲመጣ በጀሪካን ሆነ። አንድ ሊትር ውኃ አንድ ኪሎ ይመዝናልና 20 ሊትሩ ጀሪካን ራሱን ሳይጨምር 20 ኪሎ ነው፤ ይህን በቀን ሁለት ጊዜ፣ ዳገት ለዳገት፣ እርጉዝ ሆናም አራስ ሆናም ተሸክማለች። ሐኪሞች የማሕፀን መውጣትን መንስኤዎች ሲዘረዝሩ ተደጋጋሚ ወሊድን፣ የተራዘመ ምጥንና ለብዙ ዓመታት የተሸከሙትን ከባድ ሸክም ይጠቅሳሉ፤ ማሕፀንን ከታች የሚደግፉት ጡንቻዎችና ጅማቶች ይለጠጣሉ፣ ይላላሉ፣ በመጨረሻም መያዝ ያቅታቸዋል። እንግዲህ «ተፈጥሮዋ ነው» የሚባለው የእናቴ አካል ውስጥ ስንቱ ተፈጥሮ፣ ስንቱ ደግሞ የውኃው ጉድጓድ ርቀት ነው? ከዚህ ጋር አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልችልም፤ ያው ውኃ ወደ ከተማ ገብቶ በአህያ ጋሪ ተጭኖ የሚሸጥ በሆነ ጊዜ ሥራው የወንዶች ሆነ፣ ክፍያም ተቆረጠለት። ያለ አህያና ያለ ክፍያ ሲሆን ግን የሴት ጀርባ ተፈጥሯዊ ቦታው ነው ይባል ነበር።

ስለ ሸክም ስታወራኝ እናቴ ያልጠበቅሁትን ነገር አነሣች። በልጅነቷ በአካባቢያችን ቤተ እስራኤላውያን ጎረቤቶች ነበሩን። ሴቶቻቸው በወር አበባቸው ጊዜ ከቤታቸው ወጥተው በመንደሩ ዳር ወደ ተሠራችው «መርገም ጎጆ» ይገቡና ሰባት ቀን ይቆያሉ፤ ሲወልዱም ለወንድ 40፣ ለሴት 80 ቀን ከመንደሩ ተለይተው ይሰነብታሉ። ጎጆዋ በድንጋይ የተከበበች ናት፤ ምግብ ከውጭ ይቀርብላቸዋል፣ ወደ ውስጥ ማንም አይዘልቅም። እኔ ይህን በመጽሐፍ ሳነብ የተሰማኝ ቁጣ ነበር፤ የሴትን አካል መርገም ብሎ ከመንደር ማስወጣት ከዚህ በላይ ምን ሊባል ይችላል? እናቴ ግን «ሰባት ቀን እንስራ አያዝሉም ነበር እኮ» አለችኝ። እርሷና የመንደራችን ክርስቲያን ሴቶች ልጃገረድ ሳሉ በሩቅ እያዩ ይቀኑባቸው ነበር። ከጎጆዋ ሳቅ ይሰማ ነበር አለችኝ፤ ሴቶቹ ለብቻቸው ሆነው ይፈትላሉ፣ ያወራሉ፣ ይተኛሉ። ከቤተ እስራኤላውያን ብዙዎቹ በ1977 ዓ.ም. በሱዳን በኩል፣ በግንቦት 1983 ዓ.ም. ደግሞ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ወደ እስራኤል ሄዱ። በዚያ በአፓርታማ መኖሪያ ጎጆ መሥራት አይቻልምና ልማዱ ተሸራርፏል፤ ከእናቶቹ መካከል አንዳንዶቹ በአንድ ክፍል ወይም በሰገነት ላይ ለይተው ለመቀመጥ ሞክረዋል፣ ሌሎች ትተውታል። በዕድሜ ከገፉት ሴቶች ያንን ጊዜ በናፍቆት የሚያስታውሱ መኖራቸውን ሳነብ የእናቴ ቅናት ትዝ አለኝ።

እዚህ ላይ ፍርዴን አልደብቅም። የጎጆዋ ናፍቆት ጎጆዋን ትክክል አያደርጋትም፤ ነገር ግን ሴቶቹ የተናገሩትን ሳንሰማ ስለ እነርሱ መቆጣትም ሌላ ዓይነት ዝም ማሰኘት ነው። እኔን የሚያንገበግበኝ ነገር በሁለቱ መካከል ያለው ነው፤ አንዲት ሴት በወር ውስጥ ሰባት ቀን ጀርባዋን ለማሳረፍ የተረገመች መባል ነበረባት። ዕረፍቱ ለእርሷ ተብሎ የተሰጠ አልነበረም፤ ሌላው ሰው ከእርሷ እንዲጠበቅ በተሠራ አጥር ውስጥ ሴቶቹ ራሳቸው ያገኙት ዕረፍት ነው። የእኛ ሴቶች ደግሞ አጥሩ ላልቶላቸው ቤተ መቅደስ ከመግባት ብቻ ተከለከሉ፤ ውኃው ግን አልቀረላቸውም።

የ40 እና የ80 ቀኑ ነገር የእኛም ነው። ወንድ ልጅ በ40፣ ሴት ልጅ በ80 ቀን ክርስትና ትነሣለች። ከኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 12 የመጣ ሥርዓት ነው፤ መጽሐፈ ኩፋሌም አዳም ከተፈጠረ በ40፣ ሔዋን በ80 ቀን ወደ ገነት መግባታቸውን ይናገራል። በሃይማኖቴ ያደግሁ ሰው ነኝ፤ ይህን የማነሣው ለማቃለል አይደለም። ነገር ግን ስወለድ ሦስት እልልታ፣ ወንድሜ ሲወለድ ሰባት እልልታ እንደተባለ እየተነገረኝ ስላደግሁ፣ ቁጥር በአካል ላይ እንዴት እንደሚጻፍ አውቃለሁ። በልጅነቴ የደነቀኝ እልልታው ሲያንስ ቀኑ መብዛቱ ነበር። እናቴን ስጠይቃት የሰጠችኝ መልስ ከቁጥሩ ይልቅ አሳዘነኝ። በእኔ 80 ቀን ልታርስ ይገባት ነበር፤ የሚረዳት ሰው ስላልነበረ በሦስተኛው ሳምንት እንስራ አንሥታ ወንዝ ወረደች። «ማርያም ማረችሽ» ያሏት ሴቶች ገንፎ አብልተዋት ሄዱ፤ እነርሱም የየራሳቸው እንስራ ነበረባቸው።

ስለ እኔ አካልም አንድ ነገር ልናገር፤ ስለ እናቴ ይህን ያህል ከተናገርሁ በኋላ ስለ ራሴ ዝም ብል ፍትሕ አይሆንምና። በእኛ አካባቢ ሴት ልጅ የምትገረዘው በተወለደች በቀናት ውስጥ ነው። እኔም በስምንተኛ ቀኔ ተገርዣለሁ። የማስታውሰው ሕመም የለም፣ የማነጻጽረው «በፊት» የሚባል ሰውነትም የለኝም። በአገራችን በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በ1992 ዓ.ም. ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉ ሴቶች መካከል 80 በመቶ የሚሆኑት የተገረዙ ነበሩ፤ በ2008 ዓ.ም. ቁጥሩ ወደ 65 በመቶ ወርዷል። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ ድርጊቱን ወንጀል አድርጎታል። ይኸው ሕግ የቀድሞውን፣ የ1949ኙን የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ አንድ አስከፊ ድንጋጌም ሽሮአል፤ በአሮጌው ሕግ ጠላፊ የጠለፋትን ሴት ካገባ ከቅጣት ያመልጥ ነበር፣ የደረሰባት ጉዳት በሠርግ ተዘግቶ እንደ ዕዳ ይሰረዝ ነበር ማለት ነው። በሁለቱም ሕጎች መካከል ያለው ግማሽ ምዕተ ዓመት ስለ ጋብቻ ብቻ የተደረገ ለውጥ አይመስለኝም፤ የሴት ሰውነት የማን ነው የሚለው ጥያቄ በሕግ ቋንቋ የተመለሰበት ነው።

ሕግ ግን አፍ አያስከፍትም። ከምባታ ውስጥ የነበረውን ነገር ሳስብ የምደነቀው በዚህ ነው። ቦጋለች ገብሬ እርሷም በልጅነቷ የተገረዘች ናት፤ ተምራ፣ አሜሪካ ኖራ ተመለሰችና እ.ኤ.አ. በ1997 ከእኅቷ ጋር ኬኤምጂ የተባለውን የከምባታ ሴቶች ድርጅት መሠረተች። ድርጅቱ ሴቶችንና ወንዶችን፣ ሽማግሌዎችንና ልጃገረዶችን አንድ ላይ አስቀምጦ በማኅበረሰብ ውይይት ስለ አካል አነጋገረ፤ ከጊዜ በኋላ ያልተገረዙ ሙሽሮች በአደባባይ፣ አለመገረዛቸው እየተነገረ ተዳሩ። ቦጋለች እ.ኤ.አ. በ2019 ዐርፋለች። ድልድይና ውኃም ሠርታለች። እኔ ግን ትልቁ ሥራዋ ያ መቀመጥና መነጋገር ይመስለኛል፤ በአደባባይ ያልተጠራውን ነገር ስሙን መጥራት።

ወደ እናቴ ልመለስ። ወደ ሆስፒታል በሄድን ቀን ከሌላው ሁሉ ይልቅ ያስገረመኝ የአክብሮት ቋንቋችን የሠራው ሥራ ነው። አማርኛ በሁለተኛ መደብ እንኳ ጾታን ለይቶ የሚናገር ቋንቋ ነው፤ አንተና አንቺ ሳንል አንድ ሰው መጥራት አንችልም። በአክብሮት ስንናገር ግን ጾታው ይጠፋል። «እርስዎ» ወንድም ሴትም ነው፣ «እሳቸው» አባትም እናትም ነው። ናይጄሪያዊቷ ምሁር ኦዬሮንኬ ኦዬዉሚ ስለ ዮሩባ ማኅበረሰብ ስትጽፍ፣ በምዕራባውያን ዘንድ አካል የሰውን ቦታ ሲወስን በዮሩባ ዘንድ ግን የሚወስነው ታላቅነትና ታናሽነት እንደነበረ ተከራክራለች፤ ይህን ባነበብሁ ጊዜ «እርስዎ» የሚለው ቃላችን ትዝ ብሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር፤ የሴትነት ሸክም በዕድሜ የሚራገፍበት በር ያለን መሰለኝ። በሆስፒታሉ ካርድ ክፍልም፣ በነርሷም ዘንድ፣ በወጣቱ ሐኪምም ዘንድ እናቴ በታላቅ አክብሮት «እርስዎ» ተባለች። በቀደሙት 11 ዓመታትም እንዲሁ ነበር። «እናት፣ የት ላይ ነው የሚያምዎት?» ይሏታል፤ «ወገቤን» ትላለች፤ አንድም ሰው ስንት ጊዜ እንደወለደች፣ ምን ስትሸከም እንደኖረች፣ ስትቆም የሚወርድ ነገር ይሰማት እንደሆነ አልጠየቃትም። አክብሮቱ ሴትነቷን ጋርዶት ነበር። በወጣትነቷ ሴትነቷ ሰውነቷን ሸፈነው፤ በእርጅናዋ ደግሞ ክብሯ ሴትነቷን ሸፈነው።

ሐኪሙ ከመረመራት በኋላ ያለውን ምርጫ ሁሉ በጥሩ ሁኔታ አስረዳ። ሲያስረዳ ግን የሚያየው ወንድሜን ነበር። ማሕፀንን ከውስጥ የሚደግፍ ከሲሊኮን የተሠራ ቀለበት ማድረግ ይቻላል፤ የታችኛውን ጡንቻ የሚያጠናክር እንቅስቃሴ አለ፤ በቀዶ ጥገናም ማስተካከል ይቻላል። ወንድሜ ከእኔ ይልቅ ፈጥኖ ነገሩ ገባው። «ዶክተር፣ ለእሷ ይንገሯት፤ የእሷ ነው» አለው። ሐኪሙ ወንበሩን ወደ እናቴ አዞረና እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረ። እናቴ እስከ መጨረሻው ካዳመጠች በኋላ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀች፤ «ከእኔ ሌላ እንዲህ የሆነች ሴት አለች?» ሐኪሙ በዚያው ሳምንት ብቻ ብዙ ሴቶችን እንዳየ ነገራት። ፊቷ ላይ ያየሁትን ነገር በቃል ማስቀመጥ ያቅተኛል። 11 ዓመት ሙሉ በዓለም ላይ ይህ የደረሰባት ብቸኛ ሴት እርሷ እንደሆነች ታስብ ነበር። በመንደሯ ስንት ሴት በዚያው ዓይነት ጨርቅ ራሷን አስራ በአጠገቧ እንዳለፈች፣ ስንቷ «ወገቤን» እንዳለቻት ያን ጊዜ ተገለጠላት ብዬ አምናለሁ።

ቀለበቱን መረጠች፤ ከፋሲካ በኋላ ለቀዶ ጥገና እንድትመለስም ተስማማች። ወደ አገር ቤት የሸኘኋት እኔ ነኝ። ሁለት ቀን አብሬአት ሰነበትሁ። በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ቡና ተፈልቶ ሦስት ጎረቤቶች መጡ። ከመካከላቸው አንዷ፣ ከእናቴ በዕድሜ አነስ የምትል ሴት፣ ከበርጩማው ስትነሣ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ አቃሰተችና «ወገቤ እኮ ጨረሰኝ» አለች። እናቴ ስኒዋን ረከቦቱ ላይ አኖረች።

«ወገብሽን ነው ወይስ ማሕፀንሽን?» አለቻት።

ሴትዮዋ ቀና ብላ እናቴን አየቻት፣ ከዚያም እኔን አየችኝ። ማንም አልሳቀም። እናቴ መልስ ሳትጠብቅ ተነሥታ ሄዳ በሩን ዘጋችና ተመልሳ ከአጠገቧ ተቀመጠች።